ዘጠና ስድስት ሠራተኛ ለአንድ አባ ኮዳ

ስለ ራሴ ማውራት አልወድም፤ ስለዚህ ባጭሩ እገላገለዋለሁ። ካምፓላ ውስጥ ከካምዎክያ እስከ ንቲንዳ ባለው መንገድ፣ ግራውንም ቀኙንም ብታስሱ፣ እኔን የሚያህል የኮምፒውተር ባለሙያ አታገኙም። ከንቲንዳ ወዲያ ያለውን አላጣራሁም። ቢኖር ግን እስካሁን ምክር ሊጠይቀኝ ይመጣ ነበር።

የኮምፒውተር ትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጬ አላውቅም። ትምህርት ቤቱ ነው የእኔን ደጃፍ የሚረግጠው። ከማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲ ኮረብታ ላፕቶፑን በብብቱ ሸጉጦ ወደ እኔ የሚወርደው መምህር ብዙ ነው፤ ዲግሪው እዚያ ላይ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፣ ላፕቶፑ እዚህ ታች እኔ ጠረጴዛ ላይ ተኝቷል። እኔ ያወቅኩትን ሁሉ ያወቅኩት ከዕቃ ጋር ከሚመጣ መመሪያ ነው። ሌላው ሰው ካርቶን ሲከፍት ቀድሞ የሚጥለውን ወረቀት እኔ ከዳር እስከ ዳር አነበዋለሁ። እንግሊዝኛዬም የመጣው ከዚያው ነው። ስለዚህ አንድ እንግሊዝ ስለ አየሩ ቢያወራኝ መልስ ይቸግረኛል፤ «ክዳኑን ከመክፈትዎ በፊት ሶኬቱን ይንቀሉ» ለማለት ግን የለንደን ሰው አይቀድመኝም።

ካምፓላ የመጣሁት ልጄን ልጠይቅ ነበር። ንቲንዳ ይኖራል፤ አንድ ዓለም አቀፍ ድርጅት ውስጥ ይሠራል። ምን እንደሚሠራ ደጋግሞ አስረድቶኛል፤ እኔ የያዝኩት ስብሰባ መሆኑን ብቻ ነው። ሻንጣዬን ሳልፈታ የጎረቤቱ ፕሪንተር ተበላሸ። ጠገንኩት። ወሬው ወጣ። ሌላ ፕሪንተር መጣ። ይኸው ስንት ዝናብ ዘንቦ አባራ፣ የካምፓላ ፕሪንተር ግን አላለቀም።

የሥራ ክፍሌ ካምዎክያ ውስጥ ከሐጂ ሰይድ ሱቅ ጀርባ ናት። ሐጂ ሰይድ የወሎ ሰው ነው፤ ከሽሮ እስከ ፖሾ የሚሉት የበቆሎ ዱቄት፣ ከእርጎ እስከ ጃንጥላ የማይሸጠው የለም። «ኢንጅነር» ብሎ የሰየመኝ እሱ ነው። እሱ በቀልድ ሰጠኝ፣ እኔ በቁም ነገር ተቀበልኩት። ማዕረግ ዋናው አያያዙ ነው።

ሐጂ ሰሚራ የምትባል ልጅ አለችው። ትምህርቷን ጨርሳ ሥራ ትይዛለች ሲባል ክፍሏን ዘግታ የካርቱን ፊልም መሥራት ጀመረች። ፊልሙ ስለ አንድ አባ ኮዳ ነው። ካምፓላን ያላየ አንባቢ ካለ፣ አባ ኮዳ ማለት የመብራት ምሰሶ ላይ ቆሞ የቆሻሻ ገንዳ የሚጠብቅ፣ ራሰ በራ፣ አንገቱ ሥር ከረጢት ያንጠለጠለ ትልቅ ወፍ ነው፤ እዚህ ካሎሊ ይሉታል። አቋቋሙ ጡረታው የዘገየበት ሽማግሌ ያስመስለዋል። ሐጂ «ቁርጥ አንተን» ይለኛል። ሱቁ ውስጥ መስታወት አይሸጥም መሰለኝ። የሰሚራ አባ ኮዳ ግን ከገንዳ መብላት አንገፍግፎት፣ ሠርግ ቤት አስተናጋጅ ሆኖ ለመቀጠር የሚለፋ ወፍ ነው።

ሰኞ ጠዋት ላፕቶፗን ታቅፋ ክፍሌ ገባች።

«ጋሼ፣ ፊልሙ አለቀ።»

«እንኳን ደስ ያለሽ!»

«አለቀ ስል፣ እኔ ጨርሻለሁ። ኮምፒውተሩ ነው ያልጨረሰው።»

አስረዳችኝ። እሷ ወፉን ቀርጻ፣ አልብሳ፣ እንዴት እንደሚራመድ ወስናለች። ከዚህ በኋላ እያንዳንዱን ሥዕል፣ ብርሃኑንና ጥላውን አስልቶ የሚያወጣው ኮምፒውተሩ ነው። ችግሩ ላባው ነው። አንድ በአንድ ይሣላል።

«ታዲያ ለምን አታሳንሽውም? ድሮም ራሰ በራ ነው፤ ወደ ታች ትንሽ ቢቀጥል ማን ያያል?»

«ጋሼ፣ ላባ የሌለው ወፍ እኮ ሊጠበስ የተዘጋጀ ነው።»

«ልክ ነሽ። መቼ ነው የሚፈለገው?»

«አርብ ቀትር ላይ የውድድሩ በር ይዘጋል። በዚህ ላፕቶፕ ግን የሚያልቀው ለዓረፋ ነው።»

ዓረፋ ገና ሩቅ ነበር።

«ባይደርስስ?»

መልሱ የመጣው ከሱቁ ነው። ሐጂ ሰይድ በግድግዳ ውስጥ ይሰማል፤ የማይሰማው ሊሰማ የማይፈልገውን ብቻ ነው። «ባይደርስ ቅዳሜ የምከፍተው አዲሱ ሱቅ ባንኮኒ ላይ ትቆማለች! ተነጋግረን ጨርሰናል!»

«ተነጋግረን አይደለም፤» አለች ሰሚራ ዝቅ ብላ፣ «ተናግሮ ነው።»

ቀና ብዬ አየኋት። ዓይኗ ሥር ጠቁሯል። ይህች ልጅ ያን ወፍ ለማራመድ ስንት ጊዜ ራሷ ክፍሏ ውስጥ አንገቷን ሰብቃ እንደተራመደች እናቷ ነግራኛለች። እኔ ደግሞ አንድ ድክመት አለኝ፤ የሚያስፈልገውን ነገር ካወቅኩ ዝም ማለት አልችልም።

«ላፕቶፕሽ ውስጥ አራት ሠራተኛ ነው ያለው፤» አልኳት። «ፕሮሰሰር ይባላሉ። አራት ሰው ይህን ሁሉ ላባ ሲስል አስቢው። አንቺ የሚያስፈልግሽ ብዙ ሠራተኛ ያለበት ትልቅ ማሽን ነው።»

ሐጂ አሁን በአካል መጣ። ሠራተኛ የሚል ቃል ከተነሳ እቤቱ አይቀርም። «መሃል ከተማ አንድ ቢሮ እየተዘጋ ነው። ወንበራቸውን ልገዛ ሄጄ ይህን የሚያክል ብረት አሳዩኝ። ማቀዝቀዣ መስሎኝ ነበር፤ ኮምፒውተር ነው አሉኝ። ዘጠና ስድስት ፕሮሰሰር አለው እያሉ ሲምሉ ነበር።»

«ዘጠና ስድስት!» አልኩ።

«ደመወዝ አይጠይቁም?»

«አይጠይቁም።»

«ምሳ?»

«መብራት ብቻ ነው የሚበሉት።»

«ወላሂ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ስፈልጋቸው የነበሩ ሰዎች ናቸው፤» አለና ሊገዛ ሄደ። «ለፊልሙ እንዳይመስላችሁ!» ብሎ ከበር ተመለሰ። «አትርፌ እሸጠዋለሁ። እስከ አርብ ግን ትጠቀምበት።»

ማሽኑን ያመጣሁት ረቡዕ ዕለት በቦዳ ቦዳ፣ በኪራይ ሞተር ብስክሌት ነው። መኪና ይሻላል ያሉኝ ነበሩ። እኔ ግን በዚህ ከተማ በቦዳ አልጋ ሲሄድ፣ በር ከነመቃኑ ሲሄድ፣ አንድ ፍየል ከባለቤቷ ይልቅ ተዝናንታ ስትሄድ አይቻለሁ። ማሽኑን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ በነጂውና በእኔ መሃል አስቀመጥኩት፤ ከኋላ አቀፍኩት። የምናልፋቸው ሰዎች ዝም እያሉ መንገድ ይለቁልን ጀመር። አንዲት እናት ማቶኬ የሚሉትን የሚቀቀል ሙዝ የተሸከመችበትን ቅርጫት አውርዳ አማተበች። ነጂው ራሱ መብራት ላይ ስንቆም ዞር ብሎ «ሴቦ፣ ጌታዬ፣ ሰው ነው እንዴ?» አለኝ።

«ዘጠና ስድስት ናቸው» አልኩት።

ሂሳቡን ሊጨምርብኝ ሞከረ።

ክፍሌ ስደርስ ሰው ተሰብስቦ ነበር፤ የጠራሁት እኔ ነኝ። ሐጂ አለ፣ ሰሚራ አለች፣ ከጎናችን የፀጉር ቤት ያላት ፕሮሲ ማበጠሪያዋን ፀጉሯ ላይ እንደሰካች መጥታለች። እኔም ትንሽ ንግግር አደረግሁ። ከዚያ የራሴን ኦፐሬቲንግ ሲስተም ጫንኩበት። የእኔ ኦፐሬቲንግ ሲስተም በሰፈሩ የታወቀ ነው፤ ለአሮጌ ላፕቶፖች ተብሎ የተዘጋጀ፣ ስብ የሌለው፣ ቀጭን። ታሞ የመጣ ኮምፒውተር ሁሉ እሱን ይዞ ድኖ ይወጣል። ሰሚራ «ለትልቅ ማሽን የተዘጋጀ ሌላ ብንጭንበትስ?» ብላ ነበር። ሌላ! በእኔ ክፍል! እንግዳ ፊት እንዲህ አይባልም።

ማሽኑ ተነሳ። «አሁን ሠራተኞቻችንን እንቁጠር» አልኩና ትእዛዙን ጻፍኩ።

ስክሪኑ አሥራ ስድስት አለ።

ሐጂ መነጽሩን አወጣ። «ኢንጅነር፣ ይሄ ምንድነው?»

«ቁጥር ነው።»

«ቁጥር መሆኑንማ አየሁ። ሰማንያዎቹ የታሉ?»

«ይመጣሉ። ገና አልነቁም ይሆናል።»

«ቡና ላፍላላቸው?»

«ምዜ፣» አለች ፕሮሲ፣ እዚህ ሽማግሌ እንደሚጠራው፣ «በቦዳ ስትመጣ መንገድ ላይ ወድቀው ይሆን?»

ረቡዕ ከሰዓትን እንዴት እንዳሳለፍኩት ባልናገር ይሻለኝ ነበር። ማሽኑን ከፈትኩ። የፕሮሰሰሮቹን ቤቶች አየኋቸው፤ ሁለት ትልልቅ ጠፍጣፋ ነገሮች ናቸው፣ ሠራተኞቹ በውስጣቸው ነው ያሉት። በብሩሽ ጠረግኳቸው። በጨርቅ ወለወልኳቸው። አውጥቼ መለስኳቸው። አንድ ጊዜ ማንም ሳያይ እፍ አልኩባቸው። ሐጂ ሻጩ ጋ ደውሎ «ሰማንያ ሰው አስቀርተህብኛል!» እያለ ሲጮህ፣ አንድ ደንበኛ ሐጂ አንድ ሙሉ አውቶቡስ የጠፋበት መስሎት ስኳሩን ሳይቀበል ወጣ። ሻጩ ዘጠና ስድስቱም አሉ ብሎ በእናቱ ማለ። «እንመልሰው» አለ ሐጂ። እኔ እያለሁ ማሽን አይመለስም አልኩ። ሰሚራ በአሥራ ስድስቱ ሥራ እንዳታስጀምር እንኳ ማሽኑ በእኔ እጅ ተገልብጦ ተኝቷል።

ሐሙስ ጠዋት ግን ወደ ተፈጥሮዬ ተመለስኩ። ማለትም አነበብኩ። ኮምፒውተር ሲነሳ ስክሪኑ ላይ በፍጥነት የሚሮጡ ብዙ መስመሮች አሉ፤ ሰው ሁሉ እነሱ እስኪያልፉ አፉን ያዛጋል። እኔ አስቆምኳቸውና እንደ መመሪያ ወረቀት ከላይ ወደ ታች ወረድኩባቸው። መሃል ላይ አንዲት መስመር ተገኘች። የፕሮሰሰር ወሰን አሥራ ስድስት ሞልቷል፣ የቀሩት ተትተዋል ትላለች። ጉዳዩ ይኸው ነው! ሰማንያዎቹ አልተሰረቁም፣ አልተኙም። በር ላይ ቆመዋል።

ሐጂንና ሰሚራን ጠርቼ አስረዳሁ። «የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ አስኳል ከርነል ይባላል። ከርነል ማለት ደጋሽ ነው። እንግዳ ከመምጣቱ በፊት ስንት ወንበር እንደሚዘረጋ ተወስኖለታል። የእኔን ቀጭን ሲስተም ያዘጋጁት ሰዎች ለትንንሽ ላፕቶፕ ነበር የደገሱት፤ አሥራ ስድስት ወንበር ይበቃል ብለዋል። አሥራ ሰባተኛው እንግዳ ሲመጣ በር ይዘጋበታል።»

«ምን ዓይነት ደጋሽ ነው?» አለ ሐጂ ተቆጥቶ።

«የፈረንጅ ደጋሽ።»

«ይስተካከላል?» አለች ሰሚራ።

«ወሰኑን ከፍ አድርጌ ከርነሉን ከምንጩ፣ መጀመሪያ ከተጻፈበት ጽሑፍ፣ እንደገና እሠራዋለሁ» አልኩ። ይህን በቀላሉ የሚል ሰው በካምዎክያ ስንት እንደሆነ ለአንባቢ እተወዋለሁ።

የከርነሉ ምንጭ አለኝ፤ ምንም ነገር ወደ ፊት ይጠቅማል ብዬ አስቀምጣለሁ። ከፈትኩት፤ ወሰኑ የተጻፈበትን ቦታ አገኘሁ። አሥራ ስድስትን አጠፋሁ። ጣቴ ኪቦርዱ ላይ እንዳለ ቆመ። ስንት ልበል?

«ዘጠና ስድስት» አለች ሰሚራ።

ሐጂና እኔ ተያየን።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መረዳት ያስፈልጋል። እኛ የሠርግ ጥሪ ካርድ ላይ «ከነቤተሰብዎ» ብለን የምንጽፍ ሰዎች ነን። አንድ ሰው ስንጠራ የምናስበው ስለዚያ ሰው አይደለም፤ ስለ እህቱ፣ ስለ እህቱ ባል፣ ከገጠር ስለ መጣው የእህቱ ባል አጎትና በመንገድ ላይ አግኝቶ ይዞት ስለሚመጣው ወዳጁ ነው። 

«ለዘጠና ስድስት እንግዳ ዘጠና ስድስት ወንበር!» አለ ሐጂ። «ወሎ ውስጥ እንዲህ ያደረገ ሰው ዘር ማንዘሩ ይሰደባል።»

«በእኛም አገር» አልኩ።

«ጋሼ፣ ፕሮሰሰር ዘመድ የለውም።»

«አንቺ ገና ልጅ ነሽ። ዘመድ የሌለው ፍጡር የለም። ሺህ ልበለው?»

«ሺህ ምን አላት?» አለ ሐጂ። «ወንበር ነው ወይስ ወርቅ? ጨምርበት እንጂ!»

«አምስት ሺህ።»

«ኧረ በአላህ፣ አታሳፍረን! ሰው ምን ይላል?»

ምንጩ ግን ከስምንት ሺህ ከምናምን በላይ አልቀበልም አለ። ጣሪያ ተበጅቶለታል። ጣሪያው የተጻፈበትን መስመር ፈልጌ አገኘሁት። ይህን የጻፈው ሰው ድግስ ደግሶ አያውቅም ብዬ መስመሩን አነሳሁና መቶ ሺህ ብዬ አስቀመጥኩ። ሐጂ በረጅሙ ተነፈሰ። «አሁን ድግስ ሆነ።»

አሥራ ስድስቱ ሠራተኞች የባልደረቦቻቸውን በር ሊያሰፉ ሥራ ጀመሩ። እኔ ሮሌክስ ገዝቼ በላሁ፤ ቻፓቲና እንቁላል በአንድ ላይ ተጠቅልሎ ሲበላ ሰው ስለ ራሱ ጥሩ ነገር ያስባል። ጥሩ ነገር አስቤ ስጨርስ አዲሱ ከርነል ደረሰ። ማሽኑን አጥፍቼ አስነሳሁት።

ጥቂት መስመሮች ብቅ አሉ። ከዚያ ስክሪኑ እንደ ደነገጠ ሰው ቀጥ አለ። ደግሜ አስነሳሁት፤ ደግሞ ቀጥ አለ። ሦስተኛውን ሐጂ «ቢስሚላህ ሳትል ነው» ብሎ ራሱ ተጫነው፤ እሱንም አላከበረውም።

ነገሩ እስኪገባኝ ድረስ ብዙ አነበብኩ። ለካ ከርነሉ ወንበር ዘርግቶ ብቻ ዝም አይልም። ውስጡ ያለ እያንዳንዱ ትንሽ ሥራ፣ ማን ተቀምጧል ማን የለም ብሎ ለማየት የወንበሮቹን ዝርዝር በሙሉ የራሱ ጠረጴዛ ላይ ይዘረጋል። ጠረጴዛው ደግሞ ጠባብ ነው። መቶ ሺህ ወንበር የያዘ ዝርዝር ሲዘረጋበት ሥራው ራሱ የሚቀመጥበት ያጣል። ድግሱ የፈረሰው በወንበር ብዛት ነው።

ይህን ሁሉ ለሰሚራ በጥሩ አማርኛ ተነተንኩላት። ደስ ይላታል ብዬ ነበር።

«ጋሼ፣» አለችኝ፣ «ያልተጠራ እንግዳ ሲያስተናግዱ የተጠራችው በር ላይ ቀረች። እኔ ነኝ እሷ። ነገ አርብ ነው።»

ሐጂ ወደ ስኳር ጆንያዎቹ ዞረ፤ ጆንያዎቹ ላይ የሚታይ አዲስ ነገር አልነበረም።

ደግነቱ አሮጌውን ከርነል አላጠፋሁትም ነበር። አርቆ አሳቢነት ነው ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ፤ ረስቼው ነው። በእሱ አስነሳሁና ወሰኑን ከፈትኩ። ሰሚራ ጎኔ ቆማ ጣቶቼን ትጠብቃለች።

«ዘጠና ስድስት» አለች።

«መቶ ሃያ ስምንት» አልኩ። «ሠላሳ ሁለት ትርፍ ወንበር ተይልኝ። እንዲያው ለነውሩ።»

ሳትወድ ሳቀች። መቶ ሃያ ስምንት አልን። ጣሪያውንም ወደ ቦታው መለስኩት። ከርነሉ እንደገና ተሠራ፤ ማሽኑ ተነሳ፤ ትእዛዙን ጻፍኩ።

ዘጠና ስድስት።

ሐጂ ሰይድ ስክሪኑን በጣቱ ነካው፤ ዕቃ ሲረከብ እንደሚያደርገው። «ገብተዋል። ሁሉም ገብተዋል!» ሰሚራ ፊልሟን አስጀመረች፤ ዘጠና ስድስቱም አንድ ላይ የአባ ኮዳውን ላባ ያዙ። ማሽኑ ውስጥ ያሉት ማራገቢያዎች ከኢንቴቤ የሚነሳ አውሮፕላን የመሰለ ድምፅ አወጡ። ጠረጴዛዬ ላይ ያሉ ወረቀቶች በረሩ። እኔም ሁለተኛ ንግግሬን ልጀምር ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

መብራቱ ጠፋ።

ከጎን ቤት ጩኸት ተሰማ። ወዲያው ፕሮሲ በሩን ከፍታ ገባች፤ ከኋላዋ አንዲት ደንበኛ ተከትላታለች። የሴትየዋ ፀጉር በግራ በኩል እንደ ሐር ወርዷል፣ በቀኝ በኩል እንደ ቁጣ ቆሟል።

«ምዜ! ግማሽ ሴት ይዤ ቆሜያለሁ! ምን አድርገህ ነው?»

መብራቱ የጠፋው ከተማው ላይ አይደለም። ቆጣሪው ላይ ያለው ብሬከራችን ጭነት በዝቶበት ወርዶ ነው። የፕሮሲ ፀጉር ማድረቂያዎች፣ የሐጂ ማቀዝቀዣና የእኔ ክፍል በአንድ መስመር ላይ ነን፤ ዘጠና ስድስቱ ሠራተኞች ምሳ አይበሉም እንጂ መብራቱን ጠርገው ነው የሚበሉት። ብሬከሩን መለስነው፤ ሥራው ሲጀመር ተመልሶ ወረደ።

«ማድረቂያዎቹን እስከ ነገ ቀትር ታጠፊልን?» አልኳት።

«ቅዳሜ ሠርግ አለ። ሙሽራዋና ሚዜዎቿ በሙሉ እኔ ጋ ናቸው። ሙሽራ በእርጥብ ፀጉር ልላክ?»

የራሴን የሻይ ማፍያ ነቀልኩ። ለእኔ ቀላል አልነበረም፤ ማንም ግን ልብ አላለኝም። ብሬከሩ አሁንም ወረደ። ከዚያ ሁላችንም፣ ማንም ማንንም ሳይጠቅስ፣ ወደ አንድ ነገር ዞርን። ሱቁ ውስጥ የሐጂ ትልቅ ማቀዝቀዣ ቆሟል፤ ወተት፣ እርጎና አይስክሬም ሞልቶበት፤ ያን ዕለት ጠዋት ነበር የሞላው።

ሐጂ አየው። ሰሚራን አየ። እንድትለምነው የጠበቀ ይመስለኛል። ቀስ ብሎ ሄደና ጎንበስ ብሎ ሶኬቱን ነቀለ።

«አባ፣ እርጎውስ?» አለች።

«እርጎ ነው። ሰው ይጠጣዋል።»

ከዚያ ያየሁትን ካምዎክያ ያያል ብዬ አስቤ አላውቅም። ሐጂ ሰይድ፣ ግማሽ ሎሚ መርቆ የማያውቅ ሰው፣ ካርቶን ተሸክሞ ደጅ ወጣና ለቦዳ ነጂዎቹ እርጎ ማደል ጀመረ። ነጂዎቹ አልተቀበሉም፤ ተጠራጠሩ።

«ሐጂ፣ ጊዜው አልፎበታል?»

«አላለፈበትም!»

«ታዲያ ለምን በነፃ?»

«ልጄ ፊልም እየሠራች ነው! ጠጡ! አንተ ወፍራሙ፣ አይስክሬሙን ያዝ፣ ይቀልጣል!»

የፕሮሲ ሙሽራና ሚዜዎቿ በማድረቂያው ሥር እንደተቀመጡ አይስክሬም በሉ። ሕፃናት መጡ። ፖሊስ መጣ፤ ነገሩን ሊያጣራ ነበር፣ እርጎ ይዞ ሄደ። ብሬከሩ ግን ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ማሽኑም እያገሳ ላባውን ቀጠለ።

አርብ ረፋድ ላይ የመጨረሻው ሥዕል ወጣ። ሰሚራ ፊልሙን በኢንተርኔት ለውድድሩ መላክ ጀመረች፤ መስመሩ እንደ ኤሊ ይጓዛል። ሐጂ ለጁምዓ ለብሶ፣ ቆቡን አድርጎ፣ በሩ ላይ ቆሞ አልሄድ አለ። «ኢንጅነር፣ ግፋው እንጂ!» ይለኛል። ኢንተርኔት አይገፋም። ቢሆንም ጠረጴዛውን ትንሽ ገፋሁለት። «ደርሶናል» የሚል መልእክት ሲመጣ ሐጂ «አልሐምዱሊላህ» ብሎ ወደ መስጊድ ሮጠ፤ እሱን በዚያ ፍጥነት ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ከሶላት መልስ ፊልሙን አብረን አየነው። አባ ኮዳው ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ ሠርግ ቤት ገብቶ፣ ትሪውን ይዞ በእንግዶች መሃል ሲንጎራደድ ላባው ነፋስ ሲነካው አንድ በአንድ ይነቃነቃል። ሐጂ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ወፉ ትሪውን ሙሽራው ላይ ሲደፋ ሳቀ፤ መጨረሻ ላይ ብቻውን ምሰሶ ላይ ተመልሶ ሲቆም መነጽሩን አውልቆ ጠረገ።

«ይሄን ወፍ» አለ፣ «እኔን አስመስለሽው ነው?»

«አንገቱን ብቻ፣ አባ።»

«እንግዲያው ቀሪው ኢንጅነር ነው፤» አለ ዘና ብሎ።

«ነገ ባንኮኒው ላይ ስንት ሰዓት ልቁም?»

«ማን ቁሚ አለሽ?» አለ ሐጂ፣ እንደ ተሰደበ ሰው። «ዘጠና ስድስት ሠራተኛ ቀጥሬ ማን ያሠራቸው? ለሱቁ ሰው እፈልጋለሁ። ቀጣዩ ፊልም ላይ ግን እንግዶቹን የሚያስተናግድ ጥሩ ደጋሽ ጨምሪ፤ ወሎዬ ይሁን።»

ይህን ስጽፍ ውድድሩ ውጤቱን ገና አልተናገረም። እኔ ግን ውጤት አልጠብቅም። በዚያ ሳምንት የተሳካልኝን ለታሪክ ያህል እዚህ አስቀምጣለሁ፤

ዘጠና ስድስት ሠራተኛ በአንድ ቦዳ አሳፍሬ ያለ አንድ ጭረት አድርሻለሁ።

የአንድን ከርነል የፕሮሰሰር ወሰን ከአሥራ ስድስት ወደ መቶ ሃያ ስምንት አሳድጌያለሁ። በመሃል መቶ ሺህ ላይ ደርሼ ተመልሻለሁ፤ ከዚያ ከፍታ በሰላም የወረደ ሌላ ሰው በሰፈሩ አላውቅም።

አንዲት ሙሽራ ደረቅ ፀጉር ይዛ እንድትዳር ከሩቅ ረድቻለሁ።

ሐጂ ሰይድ በነፃ እንዲሰጥ አድርጌያለሁ።

ያንኑ ሐጂ ሰይድን አንድ ሙሉ ፊልም ያህል ዝም አሰኝቻለሁ፤ ይህን ከእኔ በፊት የሞከሩ ሁሉ አልቻሉም።

ሰሚራን ከባንኮኒ አስጥያለሁ። ይህኛው እንኳ የራሷ ሥራ ነው። ዝርዝሩ ግን የእኔ ስለሆነ አስገብቼዋለሁ።